አዲሱን ዕቃ አሮጌ ማስመሰል፦ የወረቀት ዕደ ጥበብና የቅርስ እምነት በደቡብ ጎንደር

ያገለገለ ወረቀት ተቀዳዶ በውኃ ሲዘፈዘፍ፣ ተወቅጦ በዱቄት ሙጫ ሲለወስና ቅርጽ ይዞ ሲደርቅ እንደ ቀላል እንጨት ይጠነክራል። ይህ ጥበብ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው «ፓፒዬ ማሼ» በሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የታኘከ ወረቀት» ማለት ነው። ሳህን፣ ሣጥን፣ የመስታወት ክፈፍ፣ የአበባ ማስቀመጫና የግድግዳ ጌጥ ይሠራበታል። ወጪው አነስተኛ፣ መሣሪያውም በየቤቱ የሚገኝ በመሆኑ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ደጋግሞ ይመከራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን በአሠራሩ ላይ ሳይሆን በማጠናቀቂያው ላይ ነው። ዕቃው ከደረቀ በኋላ ብዙ ሠሪዎች የሚመርጡት ቅብ አዲስነቱን ሸፍኖ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የሚያስመስለውን ነው። ይህ በሌላ አገር የቤት ማስዋቢያ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ይሆናል። እውነተኛው የመቶና የአራት መቶ ዓመት ዕቃ በየገዳሙ ዕቃ ቤት በሚገኝበት፣ በሚሰረቅበትና በሚሸጥበት በእኛ አካባቢ ግን ከማስዋብ አልፎ የሚሄድ ነገር አለው።

በእኔ አስተያየት ለአንድ ዕቃ ያረጀ መልክ መስጠት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም ዕቃው የተሠራበትን ዓመትና የሠሪውን ስም በገላው ላይ እስካልያዘ ድረስ፣ ሠሪው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ነገ በሌላ ሰው እጅ የማጭበርበሪያ መሣሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አስቀድሞ ጥበቡ ለአገራችን ባዕድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ማንሣት ይገባል። ስሙ ባዕድ ነው፤ ሐሳቡ ግን አይደለም። የፓፒዬ ማሼ መሠረቱ ቃጫነት ያለውን ነገር ከሚያጣብቅ ነገር ጋር አዋሕዶ፣ ሁለቱም ብቻቸውን የማይሰጡትን ጥንካሬ ማግኘት ነው። የገጠር እናቶች ጭቃን ከጭድና ከእበት ጋር ለውሰው ጎታ ሲያቆሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በጎንደር አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት የግድግዳ ሥዕሎችም ብዙዎቹ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣሉ ሳይሆኑ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። በጨርቅ ፋንታ ወረቀት፣ በግድግዳ ፋንታ ቅርጽ ማውጫ ይተካ እንጂ ጨርቅን ለጥፎ ጠንካራ ገጽ የማግኘቱ ዕውቀት በመቅደሱ ዙሪያ ከቆየ ዘመን አልፎታል።

የሌላው ዓለም ታሪክም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። በካሽሚር ይህ ጥበብ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቤተ ሰብ ሙያ ነው። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ሄንሪ ክሌይ የተባለ ሰው በ1772 እ.ኤ.አ. ወረቀትን በሙጫ ደራርቦ እንደ ጣውላ ጠንካራ የሚያደርግበትን ዘዴ በስሙ አስመዝግቦ፣ የሠረገላ ገበታና ትሪ ያመርት ነበር። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጥንታዊት ግብፅ ነው። በበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ዘመን የአስከሬን መሸፈኛ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ያገለገለ ፓፒረስ ሲሆን፣ እርሱን ደራርበው ጄሶ ቀብተው ሥዕል ያሳርፉበት ነበር። ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በኋላ እነዚህን ሽፋኖች ሲፈታቱ በውስጣቸው የግብር መዝገብ፣ አቤቱታ፣ ደረሰኝ፣ አልፎ ተርፎም ጠፍተው የነበሩ የግሪክ ድርሰቶችን አግኝተዋል። በላይኛው ገጽ ላይ የተሣለው ለሟቹ ክብር ነው፤ ስለ ዘመኑ በግልጽ የሚመሰክረው ግን በውስጥ የተደበቀው ቁራጭ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በደብረ ታቦር ያገለገለ ወረቀት ማግኘት ቀላል ቢመስልም እንደሚታሰበው አይደለም። በእኛ አገር ወረቀት አንዴ ተጽፎበት አይጣልም፤ የተማሪ ደብተር ቆሎ ይጠቀለልበታል፣ ጋዜጣ መደርደሪያ ይነጠፍበታል፣ የቀረውን ቆራሌው ይወስደዋል። ስለዚህ ሠሪው የሚሻማው ከቆሻሻ ጋር ሳይሆን ከሱቅ ጋር ነው። አንጸባራቂ መጽሔት ውኃ በቀላሉ ስለማይመጠጥ አይሆንም፤ ደብተርም ይሠራል፤ ከሁሉ የሚሻለው ጋዜጣ ነው። (ከጣራ ገዳም ሥር ባለችው በአዲስ ዘመን ከተማ፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣን አላቁጦ አሮጌ ዘመን ማስመሰል ይቻላል ማለት ነው።) የዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ወረቀት በብዛት የሚገኝ ቢሆንም የተማሪ ስምና ውጤት ስላለበት ሳይዘፈዘፍና ሳይወቀጥ ከግቢ መውጣት የለበትም።

ወረቀቱ በጣት ተቀዳዶ በፈላ ውኃ ሲዘፈዘፍ ያድራል። በማግሥቱ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያም በነጠላ ወይም በወንፊት ይጨመቃል። ሙጫው የፉርኖ ዱቄት ነው፤ አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ገደማ ውኃ ተበጥብጦ እንደ አጥሚት እስኪወፍር በቀስታ እሳት ይማሰላል። ጥቂት የአናጢ ኮላ ቢታከልበት ጥንካሬው ይጨምራል። ድፍድፉ ዘይት በተቀባ ሳህን ወይም በሸክላ ድስት ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ደግሞ ወረቀቱ ሳይወቀጥ በቁራጭ በቁራጩ ሙጫ እየተነከረ ይደራረባል። ሁለተኛው ዘዴ ይቀጥናል፤ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ይልቅ አይሰነጠቅም።

ትልቁ ጠላት ክረምት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በጉና ብርድ የምትመታ ከተማ ናት። በሐምሌ የተሠራ ዕቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና በሁለት ሳምንት ይሻግታል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ በአንድ ወገን ስለሚደርቅ ይጣመማል። ከጥቅምት ወዲያ ባለው በጋ ግን አንድ ስስ ሳህን በጥላና በነፋስ በጥቂት ቀናት ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ አይጥና ነፍሳት የዱቄቱን ሽታ ይወዱታልና ውስጡም ውጪውም በሚገባ መቀባት አለበት። ስለ አሠራሩ ይህ ይበቃል።

ያረጀ መልክ የሚሰጠው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በላዩ የኮላ ስስ ሽፋን ይደረግና ኮላው ፈጽሞ ሳይደርቅ ነጣ ያለ ቀለም ይደገማል። የላይኛው ቀለም ሲደርቅ እየተሸበሸበ ይሰነጠቃል፤ ከሥር ያለውም ጥቁረት ይታያል። ቀጥሎ የቡና አተላ ውኃ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ጥላሸት ይፈስበትና ወዲያው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከፍ ያለው ይነጣል፣ ጎድጓዳው ይጠቁራል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። በመጨረሻ በማር ሰም ይታሻል። ይህን ሁሉ ባልተስተካከለ እጅ መሥራት ራሱ ጥበብ ነው። ምክንያቱም እውነተኛ እርጅና በእኩል አይወርድም። በጥንታዊ ብራና ላይ የሚጠቁረው አንባቢው ሲገልጥ ጣቱ የሚያርፍበት ጠርዝ ነው፤ የጧፍ ጠብታ የሚገኘው በሌሊት በሚነበበው ክፍል ላይ ነው፤ የመጽሐፉ ገበታ የሚወለውለው መዳፍ በሚይዘው ወገን ነው። አማርኛ ለዚህ ውብ ቃል አለው፤ ወዝ ይባላል። ወዝ የአገልግሎት ምስክር ነው።

በጭስ የታጠነ አዲስ ብራና ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ይህ ዓይነቱ ብራና፣ በተለይም አጭር ክታብና ትንንሽ ሥዕል ያለበት፣ በአገራችን የቱሪስት ገበያዎች ለረጅም ጊዜ ሲሸጥ የቆየ መሆኑ የታወቀ ነው። የከፋውም አለ፤ እውነተኛው አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ ይሸጣል፤ ባዶ በሆነው ገጹ ላይ፣ አንዳንዴም በጽሑፉ በራሱ ላይ፣ ዋጋ እንዲያወጣ አዲስ ሥዕል ይጨመርበታል፤ የባለቤትነት ማስታወሻ ያለበት ቦታ ይፋቃል። ሐሰተኛ እርጅና እውነተኛውን እርጅና የሚያጠፋው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታየውን ተጎጂ መጥቀስ እፈልጋለሁ። ስለ ሐሰተኛ ቅርስ ስንናገር የተታለለውን ጎብኝ እናስባለን። እርሱ ግን የሚያጣው ገንዘብ ነው። ብራና የመፋቅና የመጻፍ ሙያ በደቡብ ጎንደር ያልጠፋ፣ በሕይወት ያለ ሙያ ነው፤ ጆን ሜለርስ እና አን ፓርሰንስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ2002 እ.ኤ.አ. በዚሁ በደቡብ ጎንደር ጸሐፍት ላይ ብቻ ያተኮረ መጽሐፍ አሳትመዋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ የሚፍቅ፣ ከጥላሸት ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጅ፣ የመቃ ብዕሩን ራሱ የሚቀርጽ ጸሐፊ ወራት የፈጀበትን ሥራ ነጭና ንጹሕ አድርጎ ሲያቀርበው «አዲስ ነው» ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። ያው ሥራ በጭስ ታጥኖ «የአያቴ ነው» ሲባል ዋጋው ይወጣል። ገዢው ለጥበቡ ሳይሆን ለሐሰቱ ከፈለ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ያ ጸሐፊ በሥራው ላይ ስሙን ሊያኖር አይችልም፤ ስሙን ካኖረ እርጅናው ይጋለጣልና። የኢትዮጵያ መጻሕፍት በመጨረሻ ገጻቸው የጸሐፊውንና የአስጸፊውን ስም ይዘው፣ ጸልዩልኝ የሚል ቃል አስከትለው የሚዘጉ ነበሩ። ጭሱ የሚደፍነው ያንን ስም ነው።

ታዲያ ወረቀት ሠሪው ከዚህ ምን ይማራል? አንዳንድ የሙያ ባልደረቦች ያረጀ መልክ የሚሰጥ ሥራ በጠቅላላው መወገዝ አለበት ይላሉ። አልስማማም። ምሳሌዬም ከዚሁ ከደብረ ታቦር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ እስከ መቅደላ ተጎትቶ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ግን በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያ ነው። አምሳያው ማንንም አያታልልም፤ አምሳያነቱ የታወቀ ነውና። በብሔራዊ ሙዚየም ጎብኝ የሚያየው የድንቅነሽ አጽምም እንዲሁ ቅጂ ሲሆን ዋናው ተጠብቆ ተቀምጧል። ቅጂ የዋናው ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ተማሪ እንደ ልቡ ሊነካው፣ ሊገልጠው፣ ሊጥለው የሚችል ከወረቀት የተሠራ የመጽሐፍ ገበታ ወይም የቤተ መንግሥት ቅርጽ ቢኖር እውነተኛው ከመነካካት ይድናል። ከዚያም በላይ አንድን ዕቃ በገዛ እጁ ያስረጀ ተማሪ ሌላው ሲያስረጅ ያውቅበታል፤ ጭስ የትኛው እንደሆነ፣ ወዝ የትኛው እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ በጣቱ ይማራል። የቅርስ አያያዝ ትምህርት ለሚሰጡ ክፍሎች ከዚህ የረከሰ የተግባር ልምምድ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥቅም የእንጨት ነው። በደቡብ ጎንደር ነባር ዛፍ በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረገው ጥናት 168 የእንጨት ዝርያዎች መመዝገባቸው የሚታወስ ነው፤ የጣራ ገዳምን ደንም ኃይለአብ ዘገየ፣ ደመል ተከታይና እንሰርሙ ቀልቤሳ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አጥንተውታል። የማስታወሻ ዕቃ ቀራጭ የሚመኘው ወይራና ዋንዛ ደግሞ ከእነዚሁ ነባር ዛፎች የሚቆጠር ነው። ጌጥ ለመሥራት ወይራ መቁረጥ አያስፈልግም። ወረቀት ወይራን ይተካል ማለቴ አይደለም፤ በዱላ ወይም በመቀመጫ አይተካም። ለግድግዳ ጌጥ፣ ለሣጥንና ለክፈፍ ግን ያለ ጥርጥር ይበቃል። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ገለባ በየዓመቱ ስለሚተርፍ፣ ገለባው ተቀቅሎና ተወቅጦ ከወረቀቱ ጋር ቢደባለቅ የወረቀቱን እጥረት ሊያቃልል ይችላል፤ ይህ ለሙከራ የሚቀርብ ሐሳብ እንጂ የተረጋገጠ ውጤት አይደለም።

ሆኖም ድንበር ያስፈልጋል፤ እኔ የማየው ድንበር ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅርጹን ይመለከታል። ጽላትን፣ የቅዱሳን ሥዕልን፣ የክታብ ጥቅልንና የጸሎት መጽሐፍን የሚመስል ዕቃ አስረጅቶ ለገበያ ማቅረብ አይገባም። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ የሚሰረቁት እነዚህ ናቸውና ሐሰተኛው ሲበዛ ለእውነተኛው መደበቂያ ጫካ ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ያረጀ የሚመስል የእጅ ሥራ በበዛ ቁጥር ፈታሹ እውነተኛውን ከአምሳያው የመለየት ሥራው ይከብዳል፤ ንጹሑ ሠሪም ሆነ ገዢ በማያገባው ይጠየቃል። የቤት ዕቃ፣ ሳህን፣ ሣጥን፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ጭምብል ግን ምን ቢያረጅ ማንንም አይጎዳም።

ሁለተኛው የዘመን ምልክት ነው። የግብፁን ፓፒረስ ያስታውሷል። ሠሪው ከመጨረሻው ሽፋን በፊት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን፣ የሠራበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ከሥር ይለጥፍ፤ በታችኛው ገጽ ላይም የሚታይ ምልክት ያኑር። የሚታየውን ምልክት ነጋዴ ሊፍቀው ይችላል። በውስጥ ያለውን ለማውጣት ግን ዕቃውን መስበር ይኖርበታል። ይህ ሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀትና ግማሽ ደቂቃ ከመውሰድ ያለፈ ወጪ የለውም።

ዓመት የተጻፈበት ዕቃ አይሸጥም የሚል መቃወሚያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በከፊል እውነት ነው። «ጥንታዊ» ተብሎ ከሚሸጠው ያነሰ ዋጋ ያወጣል፤ ይህንን መደበቅ ለሠሪው ወጣት ታማኝነት አይሆንም። ነገር ግን የጎብኝ እግር በቀነሰበት በአሁኑ ጊዜ ዋናው ገዢ ቤቱን፣ ካፌውንና ሆቴሉን ማስጌጥ የሚፈልገው የአገር ልጅ ነው። እርሱ ደግሞ የሚከፍለው ለመልኩ ነው። «ደብረ ታቦር፣ 2017 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ የሳህኑን ውበት አይቀንስበትም፤ ለስጦታ ሲሆን እንዲያውም ይፈልገዋል። ስም ያለው ሠሪ ሁለተኛ ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል፤ በአያቱ ስም የሸጠ ግን አያቱን ደግሞ መሸጥ አይችልም።

ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ሥልጠና የሚወስዱ ወጣቶች የሚማሩት የቅብ ዓይነትና የዋጋ አተማመን ብቻ እንዳይሆን፣ የዓመት አጻጻፉ ከሥልጠናው አንድ ክፍል ቢሆን ይበቃል። የየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያም በባዛር ላይ ቦታ ሲሰጥ ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ ቢመለከት ግማሹ ሥራ ተሠራ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። በእስክሪብቶ የተጻፈ ጽሑፍ በእርጥቡ ሙጫ ሊፈስስና ሊደበዝዝ ይችላል። በእርሳስ የተጻፈ ግን አይፈስም። ቁራጩ ከድፍድፉ ጋር እንዳይዋሐድ ወፈር ካለ ወረቀት፣ ለምሳሌ ከደብተር ሽፋን፣ ቢቆረጥና ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ በስስ ሙጫ ቢለጠፍ፣ ዕቃው በተሰበረ ጊዜ ሳይቀደድ ይላቀቃል።